በእርጥብ ሻሽ የተነሳች መኪና

ለአንዲት ልጅ የተላከ ሽማግሌ አንዴ ከመንገድ ቢመለስ ሰው "የመንገድ ነገር ነው" ብሎ ያልፈዋል። ሁለቴ ቢመለስ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ይጀምራል። ሦስተኛ ከተመለሰ ግን፣ ልጆቼ፣ ያቺን ልጅ ደግሞ ልጠይቅ የሚል አይገኝም። ሐዊ ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ እናቷ ያሰረችላትን ነጭ ሻሽ አስራ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠችው ይህን እያወቀች ነበር። ሽማግሌዎቹ ከመቻራ የተነሱት ለሦስተኛ ጊዜ ነው።

ሐዊ ጭሮ ላይ ጋራዥ ያላቸው የኦቦ ጂሬኛ ልጅ ናት። አባቷ ሞተር ያወርዳሉ፣ እሷ የመኪና ኤሌክትሪክ ትሠራለች። ቦንሳን ያወቀችውም እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነው። ከመቻራ ቡና የጫነ መኪና መብራቱ ጠፍቶበት ገባ፤ እሷ ኮፈኑ ሥር ስትገባ ከሹፌሩ ጎን የነበረው ልጅ የእጅ ባትሪ አብርቶ ያዘላት። ብርሃኑ ግን ሽቦው ላይ ሳይሆን ፊቷ ላይ ነበር።

"ወንድሜ፣ ችግሩ እኮ እዚህ ጋ ነው" አለችው።

"እኔስ እዚያ ጋ መስሎኝ" አላት። ከዚያ ወዲያ የመቻራ ቡና ጭነት መኪኖች ምን እንደነካቸው እንጃ፣ በየሳምንቱ መብራታቸው ይጠፋ ጀመር።

ቦንሳን አባቱ ከሞቱ በኋላ ያሳደጉት አጎቱ ኦቦ ዳባ ናቸው። የታወቁ የቡና ነጋዴ። የልጁን ነገር ሲሰሙ "ከገለምሶ የነጋዴ ልጅ ላጭልህ ስል አንተ ከግሪስ ውስጥ መረጥክ?" አሉት። ግን የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ሁኑልኝ ሲላቸው እምቢ ማለት ነውር ሆነባቸው። ስለዚህ ሌሎቹን ሽማግሌዎች በራሳቸው ነጭ የመስክ መኪና ጭነው ተነሱ።

መጀመሪያ በዴሳ ላይ ሞተሯ ድንገት ጠፋ። ቢያደርጓት ቢሠሯት እምቢ። ሰው ጠርተው፣ ገፍተው ፊቷን ወደ መቻራ አዞሯትና ጥላ ሥር ተቀመጡ። ከዚያ ኦቦ ዳባ ቁልፉን ቢያዞሩት፣ ምንም እንዳልሆነች ቀጥ ብላ ተነሳች። አገሩ ደግሞ ሙሽራ ሊጠይቅ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ምን አገኘው፣ ምን ተሰበረበት ብሎ የሚያይ አገር ነው፤ ገድ ማለት ነው፣ እነሱ ሚልኪ ይሉታል። ኦቦ ዳባም ጉዞውን ትተው ወደ ቤታቸው ነዱ።

መኪናዋ ሐዊ ጋ መጣች። ሐዊ ፈትሻ ለነዳጅ ፓምፑ ኃይል የሚያቀብለው ሪሌ እግሩ ተቃጥሎ አገኘችና ቀየረችው። የመጀመሪያውን ጥፋት ያገኘ መካኒክ ሁለተኛውን መፈለግ ይተዋል፤ እሷም ተወች። በገዛ አፏ "ከእንግዲህ አትቆምም" ብላ ሰጠቻቸው። በሁለተኛው ጉዞ ኩኒ ላይ ቆመች። አሁንም ፊቷን ወደ መቻራ ሲያዞሯት፣ ቆይታ ተነሳች።

"ወደ ጭሮ እምቢ፣ ወደ ቤት እሺ" አሉ ኦቦ ዳባ። "ከዚህ በላይ ምን ትናገር? አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ፤ ሦስት ከሞላ አበቃ።" በሌላ መኪና ይሁን ሲሏቸውም "ሚልኪን በሚኒባስ አይሸሹትም" አሉ። መኪናዋንም የሐዊ እጅ ዳግም እንዳይነካት ከለከሉ።

ሐዊ እንቅልፍ አጥታ ስታስብ ከረመች። ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተር፣ ያ ከዳሽቦርዱ መሳቢያ በስተጀርባ የተደበቀው የብረት ሳጥን ይሆን? መኪናዋ ጋራዥ ሳለች የሳጥኑን ቁጥር ፎቶ አንስታ ነበርና ለቦንሳ ላከችለት፤ "ይህን የመሰለ ከተገኘ" ብላ። መልስ የለም። ብትደውል ስልኩ አይነሳም። በዚያው እሑድ ጠዋት ግን ተነሳ። ያነሳችው ሴት ነበረች።

"ቦንሳን ነው? ስልኩን እኔ ጋ ትቶት ነው የሄደው፣ እሱ ደግሞ..." አለች ሴትዮዋ። መስመሩ ተቋረጠ።

ይህን ለማንም አልተናገረችም።  ደረቷ ውስጥ ግን የዚያች ሴት ድምፅ ተቀምጧል።

የአባቷ ስልክ ጮኸ። የደወሉት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ከጎጃም መቻራ ተመድበው እዚያው የሸበቱት መምህር ዋሲሁን ናቸው። ኦቦ ጂሬኛ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ጓዳው ዞሩ።

"ከከተማው በላይ ካለው ዳገት ላይ መኪናዋ ቆመች። ዳባ እየገፋ ፊቷን ሊያዞራት ነው።"

ሐዊ ብድግ አለች። አባቷ በሩ ላይ ተገተሩ።

"የት ልትሄጂ? የምትጠየቅ ልጅ ከጓዳ ወጥታ ሽማግሌ ፊት አትታይም።"

"ጓዳ ሆኜ ሁለት ጊዜ ጠበቅኩ አባ። የመጣ የለም።"

"ልጄ፣" አሉ፣ ድምፃቸው ሰለለ፣ "ጌታ በር ከዘጋ በመፍቻ አይከፈትም።"

"ጌታ ዘግቶት ከሆነ መፍቻዬ ምን ያደርገዋል? አይከፍተውም፤ ምን ያስፈራሃል? እሱ ሳይዘጋው ከሆነ ግን ለምን በጌታ ላይ እናሳብባለን?"

ኦቦ ጂሬኛ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ለብዙ ጥያቄ መልስ አላቸው። አሁን ግን ከበሩ ፈቀቅ አሉ። እናቷ ኮከቤ ከኋላ መጣችና የሥራ ቱታዋን እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

"በቀሚሱ ላይ ደርቢው" አለቻት።  ሐዊ ‘ሂጂ’ ማለቷ እንደሆነ ገባት፤ አንገቷም ቀና አለ።

*

ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ወይራ ሥር ቆመው ነበር። አባ አብዱልቃዲር ውዱእ አድርገው ጀሪካናቸውን እየከደኑ ነው። እሳቸው በመቻራ የእርቅ አባት ናቸው፤ የክርስቲያንም የእስላምም ሽማግሌ ያለ እሳቸው አይሞላም። ሐዊን ሲያዩ እጃቸው ክዳኑ ላይ ቀረ።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ አንቺን ልንጠይቅ ስንመጣ አንቺ ልትቀበዪን መጣሽ?"

"እናንተ ስትቀሩብኝ ጊዜ ነው አባባ።"

መምህር ዋሲሁን ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ኦቦ ዳባ አልሳቁም።

"ሽማግሌ ፊት ትቆሚያለሽ?"

"አልቆምም ኦቦ ዳባ። እንበረከካለሁ፤ ሳጥኑ ያለው ታች ነው።" የመኪናዋን በር ከፍታ የመፍቻ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

"ሁለተኛ እጅሽ እንዳይነካት ብዬ ነበር። ለመሆኑ ለማን ብለሽ ነው? ልጁ እንደሆነ ድሬዳዋ ከሄደ ሰነበተ፤ ስልኩን ሴት ነው የምታነሳው። ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እና?"

ሐዊ የኃይል መለኪያ ቴስተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ወይራው፣ ሽማግሌዎቹ፣ መንገዱ ሁሉ እሷን የሚያዩ መሰላት። ቢሆንም ፊቷን ወደ እሳቸው መለሰች። "ቦንሳ የት እንደሆነ ቦንሳ ይመልስ። ‘አትቆምም’ ብዬ ቃል የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። ቃሌን ላስተካክል ነው የመጣሁት። ከዚያ ወደ መቻራ መመለስ ከፈለጋችሁ፣ ቢያንስ በሚሄድ መኪና ተመለሱ።"

ኦቦ ዳባ ቁልፉን ሰጧት።

ሐዊ የዳሽቦርዱን መሳቢያ ነቅላ ሳጥኑን አወጣችው። በእጇ ዳሰሰችው፤ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮ ይፋጃል። ቴስተሯን ሰካች። ከባትሪው ወደ ሳጥኑ የሚገባው ኃይል ሙሉ ነው። ሳጥኑ ለሞተሩ ሴንሰሮች የሚሰጠው ግን ባዶ። የሚበላ፣ ግን የማይሠራ ሳጥን። ይህ ብቻውን ግን ለእነዚህ ሰዎች አይበቃም፤ የቴስተር ቁጥር ሚልኪ አይሽርም። ዓይን የሚያየው ያስፈልጋል።

ሻሿን ከራሷ ፈታችው።

"አባባ፣ ከውሃዎት ትንሽ።"

አባ አብዱልቃዲር "ቢስሚላህ" ብለው ከጀሪካናቸው አፈሰሱላት። እርጥቡን ሻሽ፣ ውሃው ወደ ሳጥኑ እንዳይገባ፣ ፌስታል ውስጥ ከተተችና በጋለው ብረት ላይ ጠቀለለችው። ጠበቁ። መምህር ዋሲሁን "የወባ ሕመምተኛ አስመሰልሻት" አሉ። ብረቱ ከእጇ ሥር ቀስ በቀስ ሲበርድ ተሰማት። ቁልፉን አዞረች።

መኪናዋ ተነሳች።

"ወዴት ነው ፊቷ ኦቦ ዳባ?" አለች ሐዊ የሞተሩን ድምፅ አሸንፋ።

ኦቦ ዳባ አዩ። ገና አላዞሯትም ነበር። "ወደ ጭሮ።"

"በዴሳ ላይ፣ ኩኒ ላይ ስታዞሯት ጊዜ አለፈ፤ ሳጥኑ በረደ። ወደ መካም ብታዞሯት ትነሳ ነበር።"

"እኔን ለሐጅ አሰብሽኝ፣ አላህ ይስጥሽ" አሉ አባ አብዱልቃዲር።

ኦቦ ዳባ ጺማቸውን ያዙ። ሰውዬው ልበ ደረቅ እንጂ ሞኝ አይደሉም። "ሻሹ ሲሞቅስ?"

"ትቆማለች።"

"እንግዲያው አልዳነችም። አባትሽ ደጅ ላይ ብትቆምብኝ ነገሩን ከተማው ሁሉ ሊያየው ነው። የዳነች መኪና አሳዪኝ፣ እሄዳለሁ። ካልሆነ ወደ ቤቴ።"

ይህ እውነት ነበር፤ እውነትነቱ ነው ያመማት። ሌላ ሳጥን የላትም። ሞተሩን አጠፋች። ከጀርባዋ ሌላ ባጃጅ ዳገቱን ሲወጣ ሰምታ ለማየት እንኳ አልዞረችም።

"ሐዊ።"

ያን ድምፅ ከመቶ ድምፅ ትለየዋለች። ቦንሳ አቧራ ለብሶ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። ዓይኖቹ እሷ ላይ ናቸው፤ አጎቱን እንኳ አላያቸውም።

"ስልክህስ?" አለችው፣ ሰላምታ ሳትሰጥ።

"ፋጤ ጋ ነው።"

"ፋጤ ማናት?"

ሽማግሌዎቹ ሦስቱም ጆሯቸውን አቀኑ።

"ድሬዳዋ የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። የላክሽልኝን ቁጥር ይዤ ሰፈር ለሰፈር ስዞር እሳቸው ጋ አገኘሁት። ‘ሞክረህ ካልሠራ ታመጣዋለህ፤ እስከዚያ ስልክህ መያዣ ይሁን’ አሉኝ።" ፎጣውን ገለጠ። ያው ሳጥን፣ ያው ቁጥር።

"አንድ ቃል ብትልክልኝ ምን ነበረበት?"

"ሁለት ጊዜ ‘እየመጡ ነው’ ተብለሽ ሁለት ጊዜ ቀርተውብሻል። ሦስተኛ ባዶ ተስፋ ልልክልሽ አልቻልኩም። ይዤ ልምጣ አልኩ። ከተማ ስደርስ መኪናዋ እዚህ ዳገት ላይ መቆሟን ሰማሁ።"

ሐዊ ሳጥኑን ተቀበለችው። ጣቶቻቸው ተነካኩ። ቀኑን ሙሉ ደረቷ ውስጥ የተቀመጠችው ሴት ድንገት የመኪና ዕቃ የሚሸጡ አሮጊት ሆነች፤ ሐዊን ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም ፈለገ፣ ሁለቱንም ዋጠችው።

"እንግዲህ የምትጠየቀውም የሚጠይቀውም ሽማግሌ ፊት ቆሙ" አሉ አባ አብዱልቃዲር። "እኛ ምን ሥራ ቀረን?"

*

ሥራ ቀርቷቸው ነበር። አዲሱ ሳጥን ተሰክቶ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ አልያዘም። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ያላት ቀይ መብራት ትርገበገብ ጀመር።

"አየሽ" አሉ ኦቦ ዳባ። በድል አይደለም፤ እሳቸውም ተስፋ አድርገው ነበር መሰለኝ።

"አየሁ። ሳጥኑ ይሠራል፣ ይህን ቁልፍ ግን አያውቀውም። የሌላ መኪና ነበር፤ እንግዳ ቁልፍ ሲገባበት ሌባ ይመስለዋል።" ሐዊ አሮጌውን ሳጥን ፈታ ውስጡን አሳየቻቸው። "የቁልፉን ነገር የሚያስታውሰው ይህ ባለ ስምንት እግር ጥቁር ነገር ነው፣ የባቄላ ፍሬ እንኳ አያክልም። ሙቀት ያጠፋው ሌላውን ክፍል ነው እንጂ ይህ ደህና ይሆናል። ከዚህ ነቅዬ እዚያ እበይደዋለሁ።"

"ከተሰበረስ?"

"ከተሰበረ ተሰበረ።"

በባትሪ የሚሠራውን መበየጃ አጋለች። የዳገቱ ነፋስ ግን አቧራ ይዞ መጣ፤ የጋለውን ጫፍ ያበርደዋል። እንዲህ ባለ ነፋስ ፀጉር የሚያህል ነገር አይበየድም። ሐዊ ዙሪያዋን አየች፤ ልታወጣው የከበዳትን ቃል አወጣችው።

"አባቶቼ፣ ነፋሱን ያዙልኝ።"

ሙሽራ ልትሆን የመጣች ልጅ ሽማግሌን ስታዝ ማን ሰምቶ ያውቃል? መምህር ዋሲሁን ጋቢያቸውን አውልቀው ዘረጉ። አባ አብዱልቃዲር ፎጣቸውን ፈቱ። በሁለቱ መካከል ግን ክፍተት ነበር፤ ነፋሱ በዚያ ገባ። ኦቦ ዳባ ብቻቸውን ቆመው ወደ መቻራው መንገድ አዩ፣ ወደ ተንበረከከችው ልጅ አዩ። ከዚያ ካፖርታቸውን አውልቀው መጡና ክፍተቱን ዘጉት።

በዚያ የሽማግሌ አጥር ውስጥ ሐዊና ቦንሳ ብቻ ቀሩ። ቦንሳ የእጅ ባትሪዋን አብርቶ ያዘ። ብርሃኑ ልክ በዚያ ጥቁር ነገር እግሮች ላይ አረፈ።

"ዛሬ ፊቴን አላበራህም" አለች በሹክሹክታ።

"ዛሬ ሥራ ላይ ነሽ።"

መበየጃውን አነሳች። ግን መልሳ ዝቅ አደረገችው። 

"ባትነሳስ ቦንሳ?"

ከጋቢው ውጭ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቦንሳ ግን ድምፁን አልቀነሰም፤ አጎቱ እንዲሰሙ ጭምር ተናገረ።

"ባትነሳ በእግሬ እመጣለሁ። የሚመጣልኝ ሽማግሌ ባይኖር እኔው አባትሽ ደጅ ላይ እቆማለሁ። ቢያባርሩኝ በማግስቱ እቆማለሁ። እኔ አንቺን በመኪና አላጨሁሽም።"

"ብትነሳም ባትነሳም ነው የምትለኝ?"

"ብትነሳም ባትነሳም።"

ሐዊ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች። መበየጃውን እንደገና አነሳች። ከመጀመሪያው ጉዞ ጀምሮ አንጠልጥሏት የነበረው ነገር ሁሉ መሬት ያዘ። አሁን ይህች መኪና መኪና ብቻ ናት። አንዱን እግር አላቀቀች፣ ቀጣዩን። አሮጌውን ትዝታ በወረንጦ አንስታ በአዲሱ ቤቱ አስቀመጠችው፤ እርሳሱ ቀልጦ እንደ እንባ ብልጭ አለና ደረቀ።

ሳጥኑን ስትሰካ ማንም ጨርቁን አላወረደም። ቀይዋ መብራት አንዴ በርታ ጠፋች። ሞተሩ ያዘ።

ማንም አላጨበጨበም። ቁጭ ብለው ሞተሩን አዳመጡ። ፀሐይ ብረቱን መታው፣ ዳሽቦርዱ ጋለ፤ ሐዊ ሆን ብላ መስኮቶቹን ዘግታ አስጠበቀቻቸው። አባ አብዱልቃዲር ሰግደው ተመለሱ። አሁንም እየሠራች ነው።

ኦቦ ዳባ በመጨረሻ ተነሱ። "እኔ አሁንም ሚልኪውን አልወደድኩትም" አሉ። "ልጅቷን ግን..."  ወደ ሹፌሩ ወንበር ሄዱ፣ በሩን ከፈቱ፣ አልገቡም። "እኔ ስነዳት ነው ሁልጊዜ የምትቆመው። አንቺ ንጂ።"

"እኔ? ወደ ራሴ ቤት?"

"ፈራሽ?"

ሐዊ ገባች። ቦንሳ በወጉ መሠረት ከሽማግሌ ጋር መሄድ አይችልምና ወይራው ሥር ቀረ፤ የሞተውን ሳጥን ታቅፎ። በመስታወት ስታየው እጁን አላውለበለበም። ዝም ብሎ እያያት እያነሰ ሄደ፤ እሷ ግን እንዲህ ቅርብ ሆኖባት አያውቅም።

ኦቦ ጂሬኛ በብረት በራቸው በአንደኛው መዝጊያ በኩል ቆመው ነበር። ጎረቤት በየአጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ነጯ መኪና ደጁ ላይ ደርሳ ቆመች፤ ሞተሯ ግን አልቆመም። ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ የምትጠየቀው ልጅ ከመሪው ጀርባ፣ ቱታዋ ሥር የነጭ ቀሚሷ ጠርዝ ግሪስ ነክቶት። ሐዊ ጥሩንባውን አንዴ፣ ረዘም አድርጋ ነፋችው።

አባቷ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። 

"መፍቻሽ ከፈተው?"

"አልተዘጋም ነበር አባ።"

ኦቦ ጂሬኛ ከንፈራቸውን ነከሱ። ከዚያ ሁለቱንም የበሩን መዝጊያዎች ወለል አድርገው ከፈቱ።

እናቷ በጓዳ በኩል እንድትገባ በዓይኗ ጠቀሰቻት። ሐዊ ራሷን ነቀነቀች። ሻሹን ከፌስታሉ አወጣችው፤ ገና እርጥብ ነው፣ የጣቶቿ ጥቁር አሻራ ታትሞበታል። እንደዚያው ራሷ ላይ አሰረችውና ከሽማግሌዎቹ ፊት ፊት፣ በዋናው በር ገባች። የውሃው ቅዝቃዜ ግንባሯ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ያን ሁሉ ሳምንት የጋለው ልቧ አብሮ ሲበርድ ተሰማት።